«ይለፍ»፤ የመግቢያና የመውጫ ፈቃድ ታሪክ ከአራዳ ኬላ እስከ ዛሬ

በአገራችን ቋንቋ ለመንገደኛ የሚሰጠው የፈቃድ ወረቀት «ይለፍ» ይባላል። ቃሉ ስም ይምሰል እንጂ በሰዋስው ሕግ ሲመረመር ትእዛዝ ነው። ትእዛዙም የተነገረው ለመንገደኛው አይደለም፤ በበሩ ላይ ለቆመው ኬላ ጠባቂ ነው። ከኋላ «ይህ ሰው ይለፍ» የሚል ባለሥልጣን አለ፤ ከፊት ትእዛዙን ሰምቶ በሩን የሚከፍት ዘበኛ አለ፤ በሁለቱም መካከል የበቅሎውን ልጓም ይዞ የሚጠባበቅ መንገደኛ አለ። ፈረንጆች «ፓስፖርት» የሚሉት ቃልም ከፈረንሳይኛ የተገኘ ሲሆን ወደብን ማለፍ የሚል ምስጢር አለው። «ቪዛ» የሚባለውም ከላቲን የተወረሰ ሆኖ «የታየ» ማለት ነው፤ ወረቀቱን ሹም አይቶታል፣ መርምሮታል ለማለት ነው። እንግዲህ ሦስቱ ቃላት ሲገናኙ አንድ ነገር ያስረዱናል፤ መንገደኛ በገዛ እግሩ ብቻ አይሄድም፤ በሌላ ሰው ፈቃድና በሌላ ሰው ዐይን ጭምር ይሄዳል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናወሳ የፈለግነው፣ ወደ አገራችን ለመግባትም ሆነ ከአገራችን ለመውጣት ይጠየቅ የነበረው ፈቃድ ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለዋወጠ ነው። መነሻችንን አራዳን ያደረግነው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ገበያውና የነጋድራሱ ችሎት፣ የመጀመሪያው ባንክና የመጀመሪያው ሆቴል፣ የሕንዱ፣ የግሪኩና የአርመኑ ሱቅ በአንድ ሰፈር ተሰባስበው የውጭው ዓለምና ኢትዮጵያ ፊት ለፊት የተገናኙት በዚያ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ እኛ የተወለድንበትና ያደግንበት ሰፈር ስለ ሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የፒያሳ አሮጌ መንደሮች ፈርሰዋል። ቤቱ ሲፈርስ ትዝታው አብሮ እንዳይፈርስ በጽሑፍ ማኖር ይገባል ብለን አስበናል።

መግባት ቀላል፣ መውጣት ከባድ የነበረበት ዘመን

በጥንት ዘመን የአገራችን ነገሥታት እንግዳን በመቀበል የታወቁ ነበሩ። በማሰናበት ግን አይታሙም ማለት አይቻልም። የፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የነበረው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በአውሮጳውያን 15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በክብር ተቀበሉት፤ ርስትም ሰጡት፤ ሚስትም አገባ። ወደ አገሩ ለመመለስ በጠየቀ ጊዜ ግን ፈቃድ አላገኘም። በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ይህ ሰው ሽማግሌ ሆኖ፣ ልጆች ወልዶ፣ ቋንቋውን ለምዶ አገኙት። ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ታሪኩን ጽፎልናል። ኮቪልያ የአገሩን አፈር ሳያይ እዚሁ ሞተ። መልእክተኞቹም ራሳቸው ወደ አገራቸው የተመለሱት ከስድስት ዓመት ቈይታ በኋላ ነው።

ይህን ያደረጉት ነገሥታት በክፋት ተነሣሥተው ነው ለማለት አንደፍርም። ሙያ ያለው ሰው ብርቅ በነበረበት ዘመን እንግዳው እንደ ሀብት ይቈጠር ነበር፤ የአገሩንም መንገድና ኀይል ያወቀ ሰው ወጥቶ ምን እንደሚናገር አይታወቅም። ይሁን እንጂ በቀለበት የታሰረና በሰንሰለት የታሰረ ሰው፣ መውጣት ካልቻለ፣ ሁለቱም ያው ታሳሪዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ተቃራኒው ዞረ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። በምፅዋና በሱዋኪን ከነበሩት የቱርክ ሹማምንት ጋርም ተስማምተው ፈረንጅ እንዳይገባ በሩን አዘጉ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ በሩን የሚጠብቀው ሰው የኛ ሹም አለመሆኑን ነው። የባሕሩ በር በሌላ መንግሥት እጅ ስለ ነበረ የኢትዮጵያ ንጉሥ እንግዳን ለመከልከልም እንኳ የጎረቤትን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1762 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ምፅዋ ሲደርስ ሁለት ወር ያህል ያቈየው የአርቂቆው ናይብ ነበር። ከዚያ አልፎ ጎንደር ገብቶ በቤተ መንግሥት ተሹሞ ከኖረ በኋላ በ1764 ዓ.ም. በስናር በኩል ወጣ።

የመውጫ በር መዘጋት አገርን ምን ያህል እንደሚያስከፍል በገሃድ የታየው ግን በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ክብራቸው የተነካ ንጉሥ የእንግሊዝን ቈንስል ካሜሮንንና ሌሎችንም አውሮጳውያን አሰሩ። መጨረሻውም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነው ሁሉ ሆነ። የአንድ ደብዳቤ መዘግየትና የጥቂት ሰዎች መከልከል ጦር ሠራዊትን ከባሕር ማዶ ጠራ፤ ንጉሡንም፣ የመቅደላንም መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አሳጣን። እንግዶችን ማሰር ስሕተት ነበር፤ የንጉሥን ደብዳቤ ያለ መልስ መተውም ስሕተት ነበር። ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ አይጎዳም።

ድርጎና ባልደረባ

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ፣ በተለይም በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ከተገኘ ወዲህ፣ ወደ አፄ ምኒልክ የሚመጣው መልእክተኛ፣ ነጋዴና ሀገር ጎብኚ በዛ። በዚያን ጊዜ ቪዛ የሚባል ማኅተም አልነበረም፤ ሥርዐቱ ግን ነበረ። መንገደኛው ከጂቡቲ ወይም ከዘይላ ተነሥቶ በግመል በረሓውን ያቋርጣል። በጊልዴሳ በኩል ወደ ሐረር ይወጣል። በሐረር ራስ መኰንን አሉ። እንግዳው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን ያህል መሣሪያ እንደ ያዘ ተጠይቆ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይላካል፤ ቃል ሲመጣ ጉዞውን ይቀጥላል። የስልኩ መስመር ሐረርንና አዲስ አበባን ካገናኘ በኋላ መልሱ ፈጠነ እንጂ ጥያቄው አልቀረም።

ፈቃድ ያገኘ እንግዳ ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንደኛው ድርጎ ነው፤ በየደረሰበት አገር እንጀራው፣ በጉ፣ ጠላውና የበቅሎው ገብስ ይቀርብለታል። ሁለተኛው ባልደረባ ነው፤ ከቤተ መንግሥት ጋር የሚያገናኘው፣ ጉዳዩን የሚያቀርብለት ሰው ይመደብለታል። ባልደረባው ለእንግዳው አስተርጓሚና ጠበቃ ነው፤ ለንጉሡ ደግሞ ዐይንና ጆሮ ነው። ዛሬ አንዱ መሥሪያ ቤት ማስተናገድ፣ ሌላው መሥሪያ ቤት መቈጣጠር የሚለውን ሥራ ያን ጊዜ አንድ ሰው በትሕትና አጣምሮ ይሠራው ነበር።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ክብር አለ። እንግዳው ባለጉዳይ ሳይሆን እንግዳ ነው፤ ቢጠፋ፣ ቢዘረፍ፣ ቢታመም ኀላፊው የፈቀደለት ጌታ ነው። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊ አንድን ነገር በአንድ ወገን ብቻ መመልከት አይገባውም። የድርጎው በግ ከንጉሥ ጋጥ አልወጣም፤ ከገበሬው ደጅ ነው የተወሰደው። ማኅተም ያለበት ወረቀት የያዘ እንግዳ በመንደር ሲያድር የዚያ መንደር ባላገር ጾሙን ሊያድር ይችላል። ይለፉ ለእንግዳው ያለ ዋጋ ተሰጠ፤ ዋጋውን ግን ወረቀቱን አይቶ የማያውቅ ሰው ከፈለ።

የ1900 ዓ.ም. አራዳ

በኢትዮጵያ የጉዞ ታሪክ 1900 ዓ.ም. እንደ መገናኛ መንገድ ያለ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኀይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ይህ ሹመት ዛሬ ለምናነበው ሰዎች እንግዳ ነገር ይመስላል። በአራዳ ገበያ ቀረጥ የሚያስከፍለው፣ የነጋዴውን ጠብ የሚዳኘውና ከፈረንጅ ሌጋሲዮኖች ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው ነበር። ለዘመኑ ግን ትክክል ነበር። የውጭ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለንግድ ነው፤ የሚጣላውም በንግድ ነው፤ ስለዚህ ኬላውም ውጭ ጉዳዩም አንድ ደጅ ሆኑ።

በዚያው ግድም የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተከፍቶ ለመንገደኛ በገንዘብ አልጋና ምግብ ይሰጥ ጀመር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራውን ጀምሮ ነበር። በሆቴሉና በባንኩ ምክንያት የእንግዳው ጠባይ ተለወጠ። ድርጎ የሚበላ እንግዳ የንጉሡ እንግዳ ነው፤ ሒሳቡን ከፍሎ የሚያድር እንግዳ ግን የራሱ ሰው ነው። አራዳ ላይ «ቱሪስት» የሚባለው ሰው የተወለደው ያን ጊዜ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከጥቂት ጊዜ በኋላም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ሮም ላይ ለአቢሲኒያ መንገደኛ መምሪያ የሚሆን መጽሐፍ በፈረንሳይኛና በአማርኛ አሳተሙ። ጥያቄና መልስ እያደረጉ ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ ቋንቋ ከማስተማሩም በላይ የአገሩን አስተዳደር ይነቅፋል።

በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳይ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ከዚያ በፊት በግንቦት 1889 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ሬኔል ሮድ ጋር በተደረገው ውል የሁለቱ መንግሥታት ሰዎች በነጻ እንዲገቡና እንዲወጡ፣ እንዲነግዱም ተፈቅዶ ነበር፤ የታጠቁ ጭፍሮች ብቻ ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ ተከልክሏል። የ1900ው ውል ግን ከዚህ ርቆ ሄደ። ወደ አገር ከሚገባው ዕቃ በብዛት ከመቶ 10 በላይ ቀረጥ እንዳይጠየቅ ወሰነ፤ የፈረንሳይ ሰዎችና በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር ያሉ ሁሉ በቈንስላቸው የመዳኘት መብት እንዲኖራቸው አደረገ። ሌሎቹም መንግሥታት ያንኑ መብት ለዜጎቻቸው ጠየቁ።

እንግዲህ የአራዳን ሰው በዐይነ ኅሊናችን እንመልከተው። ከባሕር ማዶ የመጣው ነጋዴ በውል ተጠብቆ አንድ ጊዜ ቀረጡን ከፍሎ ይሄዳል። ያገሩ ልጅ ግን ከአንዱ ጠቅላይ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር በየኬላው ይቆማል። ቅድመ አያታችን ከጎጃም ማርና ሰም እየጫኑ ወደ አራዳ ገበያ ይመላለሱ ነበር። በቤታችን ሲወርድ ሲዋረድ የቈየው ትዝታ ስለ ትርፋቸው አይደለም፤ ስለ ኬላ ነው። ጭነት ማራገፍ፣ ማስፈተሽ፣ መክፈል፣ እንደ ገና መጫን፤ ከዚያም ግማሽ ቀን ሄዶ ሌላ ኬላ። «በቅሎዋ ከመንገዱ ይልቅ በኬላው ደከመች» ይሉ ነበር ይባላል። ደጋግ ሹሞችም ነበሩ፤ «ዛሬ አመሸ፣ ነገ ና» የሚሉም ነበሩ። ስለ ቀረጥና ስለ ንግድ አጥብቀው የጻፉትና ራሳቸውም የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የደከሙት ይህን የመሰለውን አስተዳደር ለማቃናት ነበር።

ባቡር፣ ፎቶግራፍና ፓስፖርት

ባቡር በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በቀናት አለቀ። ያን ጊዜ አውሮጳ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ትታመስ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ከሩሲያና ከቱርክ በቀር በብዙዎቹ የአውሮጳ አገሮች ያለ ፓስፖርት መዘዋወር ይቻል እንደ ነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ጦርነቱ ሰላይን መፍራት አመጣ፤ ፍርሀቱም ፎቶግራፍ የተለጠፈበትን ወረቀት አመጣ። ጦርነቱ ሲያልቅ ፍርሀቱ አላለቀም። በጥቅምት 1913 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር በፓሪስ ባደረገው ጉባኤ የፓስፖርቱ ደብተር 32 ገጽ እንዲኖረውና መልኩ በየአገሩ ተመሳሳይ እንዲሆን ተመከረ። ተሰብሳቢዎቹ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አንድ ቀን ይቀራል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ከ100 ዓመት በላይ አለፈ፤ ደብተሩ አልቀረም።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ አውሮጳ ተጓዙ። በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ 40 እናት አባት የሌላቸው ልጆች አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት የሙዚቃ ተማሪዎች እነዚህ ናቸው። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ልጆች «አገሬ» ብለው የሚጠሩት መንግሥት ጠፍቶባቸው ነበር። ኖርዌያዊው ፍሪጆፍ ናንሰን አገር ላጡ ስደተኞች ያስገኙት የናንሰን ፓስፖርት የሚባለው ወረቀት፣ መጀመሪያ ለሩሲያውያን ተሰጥቶ፣ ለአርመኖች የተፈቀደው በዚያው በ1916 ዓ.ም. ነው። ዓለም አገር ለሌለው ሰው ወረቀት ሲፈልግ አራዳ ቤትና ሥራ ሰጠች። ይህን ስንጽፍ ደስ ይለናል።

ወረቀት ግን ያለ ሕግ አይቆምም። ፓስፖርት ለመስጠት አስቀድሞ ዜጋው ማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተደረገው የዘውድ በዓል የብዙ አገር መልእክተኞችና ጋዜጠኞች በባቡር ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ። በበዓሉ ዋዜማ በጊዮርጊስ ፊት ለፊት የአፄ ምኒልክ ሐውልት ተመረቀ። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም በ22ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያዊ በሕግ በተወሰነው መሠረት ከቦታ ወደ ቦታ የመዘዋወር መብት እንዳለው ደነገገ። የቅድመ አያታችን በቅሎ ይህን ሳታይ ሞታለች፤ ነገር ግን አንቀጹ ለሷም የተጻፈ ይመስለናል።

ፎቶግራፍ ማንሣትም ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝብ ወረደ። ከአባት እስከ ልጆች የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች ናቸው። በኋላ ዘመን በፒያሳ ፎቶ ቤቶች የማይነሣ መንገደኛ ጥቂት ነበር። ለፓስፖርት ሲነሣ ሰው አይሥቅም፤ ባለሙያው «ጆሮ ይታይ፣ አንገት ቀና» እያለ ያስተካክላል። ቀድሞ የመንገደኛው ምስክር ባልደረባው ነበር፤ አሁን ምስክሩ የገዛ ፊቱ ሆነ።

መንግሥት ሲጠፋ፣ በርም ሲዘጋ

በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ አዲስ አበባ ገባ። ትልቁን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ ነው። አራዳም ፒያሳ ተባለች። ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ብዙ ሕዝብም ወደ ኬንያ፣ ወደ ሱዳንና ወደ ጂቡቲ ሄደ። እንግሊዝ በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ግዛት ባወቀች ጊዜ በስደተኛው ኪስ ያለው የኢትዮጵያ ወረቀት ከኋላው የሚያዝለት መንግሥት አጣ። «ይለፍ» የሚል ቢኖርም የሚሰማ አልነበረም። ፓስፖርት ወረቀቱ እንዳልሆነ፣ ነጻነቱ እንደ ሆነ የዚያ ዘመን አርበኛና ስደተኛ በሚገባ ያውቅ ነበር።

ከድል በኋላ ነገሩ ተሻሻለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአንድነት ድርጅታቸውን መሠረቱ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የሚመሩት የቱሪስት ድርጅትም ኢትዮጵያን በ13 ወር ፀሐይዋ ለዓለም አስተዋወቀ። የጉዞ ሰነድንና ቪዛን፣ የውጭ አገር ሰዎችንም ምዝገባ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 271 በአውሮጳ አቆጣጠር በ1969 ታወጀ።

በደርግ ዘመን ደግሞ የኮቪልያ ታሪክ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን የተያዘው እንግዳው ሳይሆን ያገሩ ልጅ ነው። ፓስፖርት ያለው ሰውም ቢሆን የመውጫ ቪዛ ሳይሰጠው ከአገር መውጣት አይችልም ነበር። በሰፈራችን «እማማ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ልጃቸው የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለመውጣት ሲያመለክት በፒያሳ ፎቶ ቤት አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሣ። ሦስቱን አስገባ። ሂድ፣ ና እየተባለ ዓመት አለፈው፤ ዕድሉም ተቃጠለ። በመጨረሻ በመተማ በኩል በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። አራተኛው ፎቶግራፍ በእማማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። እኛ ልጆች ሆነን ስናየው ለምን እንደማይሥቅ እንጠይቃቸው ነበር። «ለመንግሥት የተነሣው ነው» ይሉን ነበር። ልጁ ከብዙ ዓመት በኋላ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ እማማ ግን ያን ቀን አላዩትም።

የዛሬው ይለፍ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ32ኛው አንቀጽ፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ወይም በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ያለ የውጭ ዜጋ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ደነገገ፤ ኢትዮጵያዊም ወደ አገሩ የመመለስ መብት አለው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ይዘው ያለ ቪዛ እንዲገቡ ተፈቀደ። የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995ም ወጣ። በ2010 ዓ.ም. ሀገር ጎብኚ ከቤቱ ሳይነሣ በኢንተርኔት ቪዛ የሚያመለክትበት አሠራር ተጀመረ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ለአፍሪካውያን በሙሉ ሲደርሱ ቪዛ መስጠት ተጀመረ። ከራስ መኰንን ደጅ እስከዚህ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

የኛ ሰው ወደ ውጭ ልጎብኝ ሲል ግን የሚያገኘው በር ሌላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ቪዛ ለመጠየቅ ወደ አንድ ኤምባሲ ሄደን ነበር። ገና ሳይነጋ ሰልፍ ያዝን። በእጃችን የያዝነው ማኅደር እንዲህ ያለ ነበር፤ ገና ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት፣ የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፣ የስድስት ወር የባንክ ሒሳብ፣ የመመለሻ ቲኬት ቀጠሮ፣ የሆቴል ማረጋገጫ፣ የጉዞ መድን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ከኋላችን የቆሙ አንድ አዛውንት የልጃቸውን ልጅ ለማየት የሚሄዱ ነበሩ። ማኅደሩን እያገላበጡ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ እንደምመለስ ለማስረዳት ነው? ቤቴ እዚህ አይደለም እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣልን ወረቀት፣ ወደ አገራችን ስለ መመለሳችን ጥርጣሬ እንዳለ የሚገልጽ ነበር።

ያን ቀን አዝነን ነበር፤ ተቈጥተንም ነበር። አንድ መንግሥት በሩን የመጠበቅ መብት እንዳለው ግን አንክድም፤ አፄ ፋሲልም ጠብቀዋል፤ አፄ ምኒልክም ጠይቀው አስገብተዋል። ያስቈጣን መጠየቃችን አልነበረም፤ ሳይሰሙን መጠርጠራችን ነበር።

ነገር ግን ቍጣችን ሳይበርድ በማግሥቱ ወደ ሥራችን ገባን። በመስኮታችን በኩል አንድ ባላገር ቀረቡ፤ ከሩቅ አገር በአውቶቡስ አድረው የመጡ ናቸው። ወረቀታቸውን አየነው፤ አንድ ፎቶ ኮፒ ጐድሎታል። «ነገ ይዘው ይምጡ» አልናቸው። ሰውየው ዝም ብለው ወረቀታቸውን አጣጥፈው ወጡ። ከወጡ በኋላ ነው ያ የቅድመ አያታችን ኬላ ጠባቂ ትዝ ያለን። ፎቶ ኮፒ ማድረጊያው ከወንበራችን አሥር እርምጃ ላይ ነበር። ተነሥተን ወደ ደጅ ወጣን፤ ሰውየው ግን ሄደዋል።

ስለዚህ ይህን ታሪክ የጻፍነው በፈረንጅ በር ላይ ለማማረር ብቻ አይደለም። ይለፍ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ልደቱን ሊያስመዘግብ የመጣ፣ የትምህርት ማስረጃውን ሊያወጣ የመጣ፣ ጡረታውን ሊያስከብር የመጣ ሁሉ በር ላይ የቆመ መንገደኛ ነው። ሕጉ «ይለፍ» ብሎ አዟል፤ ትእዛዙም ለባለጉዳዩ ሳይሆን ለኛ ለበር ጠባቂዎቹ ነው። መምህራንም ለተማሪዎቻቸው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌ ፓስፖርት፣ ያለፈበት የባቡር ቲኬት፣ የማይሥቅ ፎቶግራፍ እያሳዩ የአገራቸውን ታሪክ ቢያስተምሩበት መልካም ነው። የአራዳ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ወረቀቶቹ ግን በብዙ ቤት ገና አሉ።

ያ ባላገር ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው መጡ። ፎቶ ኮፒውን ይዘው ነበር። ወንበር ሰጠናቸው፤ ጉዳያቸውንም በዚያው ሰዓት ጨረስን።